ብርዱን ተዉት፣ በሽተኛውን ቀና አድርጉት

«የደብረ ማርቆስ ብርድ ሳምባ ይመታል፤ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ተሸፋፍኖ፣ ሳይነቃነቅ ይተኛ» የሚል ምክር ታትሞ አነበብኩ። እንዲያማ ቢሆን በሞቃቶቹ ቆላዎች መተማና ሁመራ ላይ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳምባ ምች የሚባል ነገር ባልኖረ!

ሆዱ የተሰፋ ሰው ሕመሙን ፈርቶ ለከፍ ለከፍ አድርጎ ነው የሚተነፍሰው፤ ማደንዘዣውም ሳሉን ያዳክመዋል። የሳምባው ታችኛ ክፍል ይሟሽሻል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ጀርም ይራባል። ተንጋሎ ሲተኛ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ የሳምባን ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን መቼም ጋቢ አይከለክለውም።

ከፍታው የራሱ ጣጣ እንዳለው አልክድም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሳምባ ጥቂት ክፍል ሲዘጋ ጉዳቱ ቶሎ ይሰማል። ይህ ታዲያ የመነሻ እንጂ የመተኛ ምክንያት ነው?

«ስፌቱ ይተረተራል» ተብሏል። ትራስ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ፣ ቀና ብሎ በረጅሙ መተንፈስና ማሳል የተለመደ ዘዴ ነው። ማስታገሻም ቅንጦት አይደለም፤ ሕመሙ የበረደለት ነው ደፍሮ የሚስለው። ጠያቂዎችም አጥሚቱን አንጋላችሁ አታጠጡ፤ ትን ያለው ሳምባ ይገባል። ሐኪሙ ከፈቀደ ጋቢውን ደርቦ ኮሪደሩን አንድ ዙር ይበል።