የትኛው 5/6/2009?

እኔ የምለው… ኢሜይል ሲመጣ መዝገብ ቤት ይዘጋ ያለው ማነው? ባለጉዳይ ሄዶ «አምና በኢሜይል የላክሁላችሁ ማመልከቻ ምን ደረሰ?» ሲል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ስልኩን ያወጣና በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ይገፋል… ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «አልደረሰንም» ይላል። አላገኘሁትም ማለቱ ነበር እኮ! ግን «አልደረሰንም» ሲባል ጥፋቱ ወደ ባለጉዳዩ ይዞራል። ሲብስ ደግሞ «ቀኑን ያስታውሳሉ? እስቲ እርስዎ ፈልገው ያምጡት» ይከተላል።

ያንን ሁላችንም ስናማው የኖርነውን መዝገብ ቤት እስቲ እናስታውሰው። አቧራውን አልረሳሁትም፤ «ነገ ተመለሱ» መባሉንም አልረሳሁትም። ቢሆንም ከደብዳቤው ራስጌ ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ፦» ይላል፤ ግርጌው ላይ ግልባጭ የደረሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። የገባው በገቢ መዝገብ፣ የወጣው በወጪ መዝገብ ይሰፍራል። ለዚህ ነው «በቀን 12/3/95 በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸው» የምትል ዐረፍተ ነገር የነበረችን። ይህቺን ዐረፍተ ነገር የቢሮክራሲ ማሰልቸት አድርጎ ያያት ሁሉ ተሳስቷል። ዘመድ የሌለው ሰው ማስረጃ እሷ ነበረች። ኃላፊው ቢሻር፣ ጸሐፊዋ ብትዛወር፣ ቁጥርና ቀን የያዘ ሰው ፋይሉን ያስወጣዋል።

«አይ አንተ! አሁን እኮ ማሽኑ ራሱ ይፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይፈልጋል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ብቅ ሲል አንድ ጊጋባይት ሰጠን፤ በዚያን ጊዜ ሆትሜይል በነጻ የሚሰጠው ሁለት ሜጋባይት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ መሰረዝም ቀረ፣ መደርደርም ቀረ። የደብዳቤ ሳጥናችን የእህል ጆንያ ሆነ፤ ያገኘነውን ሁሉ ከላይ እንሞጅርበታለን። ከሥር ያለውን ማውጫው ደግሞ ያው ፍለጋው ነው። መፈለጊያው ላይ «አፍተር» ብሎ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በእዝባር ለይቶ መጻፍ፤ «ቢፎር» ብሎም እንደዚያው። በሁለቱ መካከል የገባው ብቻ ይወጣል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ታዲያ በአውራ ጣቱ ሲገፋ የዋለ ሰው ፈልጓል ይባላል?

ችግሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ እኛ የምናስታውሰው የራሳችንን። ባለጉዳዩ «በጥቅምት 2001 ነው የላክሁት» ይላል። ፈላጊው ስምንት ይደምርና ኦክቶበር 2009 ውስጥ ይገባል። የለም! እንዴት ይኖራል? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ብሎ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ፣ የሚደመረው ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም። ደብዳቤው ኦክቶበር 2008 ላይ ተቀምጦ ፈላጊ ይጠብቃል። በአንድ ዓመት ስቶ መፈለግና «የለም» ብሎ መፈረም… ይኸው ነው ሥራችን።

አሁን ደግሞ በኢሜይሉ ሆድ ውስጥ «በ5/6/2009 በተነጋገርነው መሠረት» የሚል ይምጣ። የትኛው 5/6/2009? አሜሪካ ያለ ሰው ከጻፈው ሜይ 6 ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ከጻፈው ጁን 5 ነው። እዚህ ያለ የመዝገብ ቤት ሰው ከጻፈው ደግሞ የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ላይ ይውላል። በአንድ መስመር ቁጥር ላይ ስምንት ዓመት ሊጠጋ የሚችል ልዩነት! ውል፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የወንድም ውክልና የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ወሩን በስሙ መጻፍ ምን ይከብዳል? «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ለመጨመርስ ስንት ቀለም ይፈጃል?

ሰዓቱንም ልጨምር። ዋሽንግተን ያለ ወንድም በበጋቸው፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የላከው፣ እዚህ ሲደርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ለእሱ ዛሬ ነው፤ እዚህ ያለው ኮምፒዩተር ቀኑን ቀይሮታል፤ እኛ ደግሞ ገና አልነጋልንም። ስለዚህ በቀን የሚፈልግ ሰው ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ቀን አስፍቶ ይፈልግ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የመንግሥት ሥራ በግል አድራሻ መሠራቱ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ከላይ፣ የአቶ እገሌ ያሁ ከታች። አቶ እገሌ ሲዛወሩ የስንቱ ባለጉዳይ ፋይል አብሯቸው ይሄዳል! ረስተው ቢተዉትስ? ያሁ 12 ወር ያልተከፈተን ሳጥን ባዶ ያደርገዋል። ጉግልም ከዲሴምበር 2023 ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካን የግል አካውንት ከነደብዳቤው ሊሰርዝ ይችላል። ያኔ በቀን ብትፈልግ፣ በስም ብትፈልግ፣ ጠበል ብትረጭበት አይመለስም።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይከለከልም ይላል። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን «ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ» ነው። እሺ፣ ወረቀት ከፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ በኢሜይል ላኩ ለምን አላችሁን?

ባለጉዳይ የራሱን ቅጂ ይያዝ፣ ሁለቱንም ቀን ይጻፍ፣ «ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ላይ «ሰላም» እያለ አይለፍ፤ ይህ የእሱ ድርሻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ግን ይበልጣል። ለገባ ኢሜይል ሁሉ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ቁጥሩን ለላኪው በመልስ ይላክለት። ለዚህ አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ሥልጠና፣ አዲስ አበል አያስፈልግም፤ የድሮው የገቢ መዝገብ ደብተር ይበቃል። ሠራተኛ ሲለቅም ወንበሩን፣ ላፕቶፑንና የመሳቢያውን ቁልፍ አስረክቦ ክሊራንስ ያስፈርም የለ? እዚያችው ወረቀት ላይ «የኢሜይል ሳጥኑን ከነይለፍ ቃሉ አስረክቧል» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር፤ ያልፈረመም አይሰናበት።