ለቅሶ በደላላ አይደረስም

ደላላ ያልገባበት ምን ቀረ? ቤት ልከራይ ያለ ደላላ ይጠብቀዋል፤ መኪና ልሽጥ ያለ ደላላ ይቀድመዋል፤ ሠራተኛ ፈላጊና ሥራ ፈላጊም የሚተዋወቁት በደላላ ነው። ይህን ለምደነዋል። የኛ ደላላ ግን ቢያንስ ደላላ መሆኑን አይክድም። በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ኮሚሲዮኑን ፊት ለፊት ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይቀበላል። ዛሬ የማነሣው ደላላ ከዚህ ይለያል። ሱቅ ሳይኖረው ባለሱቅ ነኝ የሚል፣ አይቷት በማያውቃት ከተማ ስም የሚጠራ፣ አንዲት ዘለላ በእጁ ሳይነካ አበባ የሚሸጥ ደላላ ነው። አገሩም አሜሪካ ነው።

«የአሜሪካ አበባ ሻጭ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። ወገኖቻችን የሚኖሩት በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ብቻ አይደለም። መካከለኛው ምዕራብ በሚባለው የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር፣ በሚኒሶታና በአካባቢው ክፍለ ግዛቶች፣ የሥጋ ፋብሪካ ሥራ ተከትለው ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። የአንዳንዶቹ ከተሞች ነዋሪ 15 ሺህ አይሞላም። እዚያ ሰው ሲሞት፣ ሲወልድ ወይም ሲመረቅ፣ የሩቁ ዘመድ ሁልጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ አበባ ይልካል። አበባው የላኪው እግር ነው። እሱን ተክቶ ቤት የሚገባው፣ እሱን ተክቶ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚለው ያ ቅርጫት ነው። ይህን እግር የሚሰብር ሰው ሲመጣ ዝም ማለት አይገባም።

እኔ የምኖረው በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። ለሥራም ለለቅሶም ወደነዚህ ትንንሽ ከተሞች ተመላልሻለሁ። አሠራራቸው ይመሳሰላል። አንድ ዋና ጎዳና፣ ባንክ፣ ፖስታ ቤት፣ ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራ፣ ከቁጥራቸው በላይ የሚመስሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ አንድ ቢበዛ ሁለት አበባ ቤት። የአበባ ቤቷ ባለቤት አበባ ብቻ አይደለም የምታውቀው። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት በየትኛው በር አበባ እንደሚቀበል፣ ስንብቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጉንጉን እንደማያስገባ ታውቃለች። ሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አበባ እንደማይፈቅድ ስለምታውቅ፣ «ታማሚው ወደ ተራው ክፍል እስኪዛወር እናቆየው» ትላለች። የዚያን ከተማ ሐዘንና ደስታ እንደ እድር ጸሐፊ መዝግባ የያዘች ሴት ናት።

ታዲያ ይህችን ሴት ፈልጎ ስልክ የሚደውል ዘመድ ምን ይገጥመዋል? ጉግል ላይ የከተማይቱን ስምና «አበባ» የሚለውን ቃል ይጽፋል። መጀመሪያ የሚመጡለት ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። የከተማይቱ ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ከጎኑ «የአካባቢዎ አበባ ቤት» የሚል ቃል ያያል። ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣው ግን ሌላ ክፍለ ግዛት ወይም ሌላ አገር ያለ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ስም ያወጣው ግን ደላላ ነው። ባለሙያዎቹ «ትእዛዝ ለቃሚዎች» ይሏቸዋል። ዘዴው ኢንተርኔት የወለደው አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞም የየከተማው የስልክ ማውጫ ላይ የአካባቢ የሚመስል ስምና ቁጥር ያስመዘግቡ፣ ጥሪውን ወደ ሩቅ አገር ያዞሩት ነበር።

ከሩቅ ሆኖ አበባ ማዘዝ በራሱ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ጥቂት አሜሪካውያን አበባ ነጋዴዎች ተሰባስበው ትእዛዝ በቴሌግራፍ ሊለዋወጡ ተስማሙ። ኤፍ.ቲ.ዲ. የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ስምምነት ነው። የቺካጎው ነጋዴ ለአዮዋው ነጋዴ «ለእኔ ደንበኛ እናት ይህን አድርስልኝ» ይለዋል፤ ነገ ደግሞ ውለታው ይመለሳል። ሁለቱም እጃቸው አበባ የነካ፣ ሁለቱም በር ከፍተው ደንበኛ የሚቀበሉ ነበሩ። የአባላቱ ማኅበር የነበረው ይኸው ድርጅት በ1994 ለባለሀብቶች ተሸጦ አትራፊ ኩባንያ ሆነ፤ በ2019 ደግሞ ለኪሣራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረበ። የእኔ ጠብ ከዚህ የትእዛዝ መተላለፊያ ጋር አይደለም። ጠቤ በዚህ መንገድ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ የሌለ ሱቅ ስም ለጥፎ ቀረጥ ከሚሰበስበው ጋር ነው።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ዘመድ 100 ዶላር ከፈለ እንበል። ለቃሚው አስቀድሞ «የአገልግሎት» ብሎ፣ ለምሳሌ 18 ዶላር ያነሣል። 82 ቀረ። በሙያው በተለመደው አከፋፈል ትእዛዙን ያስተላለፈ 20 ከመቶ ያስቀራል፤ ይኸውም 16 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ትእዛዙ የሚያልፍበት ድርጅት ደግሞ 7 ከመቶ ገደማ ይቆርጣል፤ ወደ 6 ዶላር ይጠጋል። አበባ ሠሪዋ እጅ የሚደርሰው 60 ዶላር ነው። በዚህ 60 ዶላር አበባውን፣ ቅርጫቱን፣ ጉልበቷንና የመኪናዋን ቤንዚን ትቻል! ገዢው ደግሞ የሚጠብቀው ኮምፒዩተሩ ላይ ያየውን ፎቶግራፍ ነው። ቅርጫቱ ሳስቶ ሲደርስ የሚወቀሰው ማን ነው? ለቃሚው አይደለም፤ እሱን ማንም አያውቀውም። የምትወቀሰው ስሟ በካርዱ ጀርባ የታተመው፣ ነገ ገበያ ላይ ከሐዘንተኛው ጋር ዓይን ለዓይን የምትገናኘው የከተማይቱ ሴት ናት።

የማውቀውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ባለች አንዲት ከተማ የወዳጄ እናት ዐረፉ። እኔ የቀብር አስፈጻሚውን ድርጅት «አበባ የሚያመጣላችሁ ማን ነው?» ብዬ ጠይቄ ቁጥሩን ተቀበልኩና በቀጥታ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት የሟችን ስም ስነግራት አላስጨረሰችኝም። «ልጃቸው ነጭ ብቻ ይሁን ብላለች። ዛሬ ጥሩ ነጭ ጽጌረዳ ገብቶልኛል፤ በእሱ ልሥራልዎት?» አለችኝ። ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር። አበባው ስንብቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ቦታውን ያዘ።

በሜሪላንድ የሚኖሩ የሟች የእህት ልጆች ደግሞ የከተማይቱን ስም በተሸከመ አንድ ገጽ 100 ዶላር ከፍለው የሊሊ አበባ አዘዙ። ለቃሚው ትእዛዙን ወደዚያችው ሴት ላከው። በቀረው ገንዘብ በፎቶግራፉ ላይ ያለው እንደማይሠራ፣ ሊሊም በዕለቱ እንደሌላት ገልጻ መለሰችው። ከዚያ ትእዛዙ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲንከራተት ዋለ። በመጨረሻ ከሌላ ከተማ አንድ ቀይና ቢጫ ካርኔሽን የሞላው ቅርጫት መጣ፤ የመጣውም ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ነው። ልጆቹ አክስታቸውን አልረሱም ነበር። በሐዘንተኛዋ ልብ ግን አንድ ሙሉ ቀን የረሱ ሆነው ዋሉ። ይህን የሚመልስ የትኛው «ገንዘብዎን እንመልሳለን» የሚል ዋስትና ነው?

መልስ የሚሰጡ አሉ። «ቀላል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ተጭኖ ያልቃል» ይላሉ። ለማን ነው የቀለለው? ላኪው አምስት ደቂቃ ቆጠበ፤ የተላከለት ግን ሐዘኑን ያለ ዘመድ ዋለ። «ሱቆቹ ራሳቸው ትእዛዙን ይቀበሉ የለም ወይ?» ይላሉ ደግሞ። ይቀበላሉ። በጥርና በነሐሴ ገበያ ሲቀዘቅዝ 60 ዶላርም ከባዶ እጅ ይሻላል። የተቸገረ ሰው በቅናሽ ስለሸጠ ግን ያስቸገረው ጻድቅ አይሆንም። በስሟ የተሸጠው አበባ ትርፉ እየተወሰደ፣ ለእሷ ድካሙና ወቀሳው ብቻ ከቀረ፣ አንድ ቀን በሯን ትዘጋለች። ያን ጊዜ ለቃሚው ራሱ የሚልክለት እጅ ያጣል።

ብልጥ ነኝ የሚለው ተከራካሪ ደግሞ ይህን ያነሣል፤ «አበባው ከኮሎምቢያ የመጣ አይደለም ወይ? የአካባቢ የሚባለው ታዲያ የቱ ነው?» እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው ቅንጥብ አበባ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር ተነሥቶ በማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ በማቀዝቀዣ መኪና በቆሎው አገር ይደርሳል። በ1991 ለአንዲስ ተራራ አገሮች የተሰጠው የቀረጥ እፎይታም ይህን መንገድ አስፍቶታል። እኛም ከዝዋይና ከሆለታ ጽጌረዳ ወደ ሆላንድ የምንልክ ሰዎች ስለሆንን፣ አበባ ባሕር እንደሚሻገር ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ነገር ግን የጠየቅሁት አበባው የት በቀለ ብዬ አይደለም። ማን አየው? ማን የደከመውን ዘንግ ጣለ? ማን ግንዱን ቆርጦ ውኃ ውስጥ አሳደረው? ማን በሰዓቱ ይዞት ሄደ? የቡና ፍሬ ከጅማ ቢመጣም ለቅሶ ቤት ቡናውን የምታፈላው ጎረቤት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕግስ? ሕግ አለ። የፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን ሸማቹን ስለዚህ ማታለያ አስጠንቅቋል፤ በርካታ ክፍለ ግዛቶችም አበባ ሻጭ ያለበትን ቦታ አስመስሎ እንዳያስተዋውቅ ከልክለዋል። ግን 100 ዶላር ለጠፋበት ሰው ማን ጠበቃ ያቆማል? ሐዘንተኛስ መቼ ክስ ለማቅረብ ጉልበት ይኖረዋል? ለቃሚው የሚተማመነው በዚህ ነው። ስለዚህ ጥበቃው በእኛ በላኪዎቹ እጅ ነው።

ጥበቃውም ከባድ አይደለም። ለቅሶ ከሆነ የቀብር አስፈጻሚውን፣ ልደት ወይም ሕመም ከሆነ የሆስፒታሉን መረጃ ክፍል ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ደውሎ «አበባ የሚያመጣላችሁ የትኛው ሱቅ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ስልኩን ላነሣው ሰው «ሱቃችሁ በየትኛው ጎዳና ላይ ነው? ከአጠገባችሁ ምን አለ?» ማለት፤ እውነተኛዋ ባለሱቅ «ከባንኩ ፊት ለፊት» ትላለች፣ ለቃሚው ይንተባተባል። ፎቶግራፍ ከመምረጥ ይልቅ ያለንን ገንዘብ ተናግሮ «ዛሬ ትኩስ ካለሽ ሥሪልኝ» ማለት። ከዚያም የስንብቱን ሰዓት መንገር፣ ቁጥሯንም ለሚቀጥለው ጊዜ መዝግቦ ማስቀመጥ። በዚያች ከተማ የሚኖረው ዘመዳችን ገና ብዙ የምንላክለት ቀን አለው፤ ደግነቱ ሁሉም የለቅሶ አይሆንም።