የመስከረም አበባ በግንቦት ይተከላል

ብርዱ አልፎ ካፖርታችን ቁም ሣጥን ገብቷል፤ በረንዳዎቻችንም ፀሐይ ማየት ጀምረዋል። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እንቁጣጣሽ አበባ ነው። «ገና ግንቦት ሳይጋመስ የመስከረምን ወሬ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ጳጉሜን ስትገባ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ከሥራ እንደወጣን ልብሳችንን እንኳ ሳንቀይር ወደ ገበያ እንሮጣለን። ቄጤማው ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፤ አበባው ደግሞ ግሮሰሪው በር ላይ ከተደረደረው ቢጫ ክሪሳንተመም ይነሣል። ፈረንጆቹ ስሙን አሳጥረው «ማም» የሚሉት ማለት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቤቱን ያደምቃል፤ ጥቅምት ላይ ይደርቅና ከነማሰሮው ይጣላል። በዓመቱ ያው ሩጫ እንደገና ይጀመራል። አባቶች «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በዓል ሲቃረብ የተገዛ ማም አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱን የማይሻገረው የተረገመ ሆኖ አይደለም። ያለ የሌለ ኃይሉን አበባው ላይ ስለጨረሰና ውርጭ ሳይመጣ ሥር ለመስደድ ጊዜ ስለማያገኝ ነው። አሁን በግንቦት የተተከለ ግን በጋውን ሙሉ ሥሩን ሲሰድ ይከርማል፤ ከያዘለትም ለብዙ ዓመት ይመላለሳል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በብዙ ውድቀት ነው። የምኖረው ላንድማርክ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቶ በ2022 ከፈረሰው የገበያ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ አይጎድለውም። አንድ ዓመት ሦስት የቢጫ ማም ችግኞች በማሰሮ ተከልሁ። ቅጠላቸው ሲያዩት ያስጎመጅ ነበር። እንቁጣጣሽ መጣ፤ አንድም አበባ የለም። መስቀልም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት «አፈሩ ነው» ብዬ አፈሩን ቀየርሁ፣ ማዳበሪያም ጨመርሁ። ቅጠሉ ባሰበት እንጂ እንቡጥ የሚባል አልታየም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናቴ ከደሴ መጣች። የሰዓቱ ልዩነት አንድ ነገር ሆኖ፣ የመኪና ማቆሚያው ትልቅ መብራት ሌሊቱን ሙሉ በበረንዳው በኩል እየገባ እንቅልፍ ነሣት። ሌሊት ትነሣና በረንዳው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። አንድ ወር ያህል እንደቆየች፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላች፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼ አበባህ እኮ እንደ እኔ እንቅልፍ አጥቶ ነው» አለችኝ።

ሣቅሁ። እሷ ግን መቁያዋን አስቀምጣ፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሁለቱ ማሰሮዎች ከመብራቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ ቅጠል ብቻ። ሦስተኛውን ማሰሮ ግን በመጣች ሰሞን ለመቀመጫዋ ቦታ ብላ ወደ ግድግዳው ጥግ ገፍታው ኖሯል፤ እዚያ የሌሊቱ መብራት አይደርስም። ያ ማሰሮ የሽምብራ ፍሬ በሚያህሉ እንቡጦች ተሞልቷል! «መብራቱን ከልልለት፤ ይተኛ» አለች፤ ወደ ቡናዋም ተመለሰች። የጥጉ ማሰሮ ለመስቀል ፈካ። ሁለቱ ግን ውርጭ እስኪመጣ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነው ቀሩ።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ እናቴ ልክ ነበረች። ክሪሳንተመም የማበቢያ ጊዜውን የሚያውቀው በሌሊቱ ርዝመት ነው። ሌሊቱ ሲረዝም «ጊዜዬ ደረሰ» ብሎ እንቡጥ ይቋጥራል። በጨለማው መካከል መብራት ከገባበት ግን ሌሊቱ አጭር፣ ወራቱም ገና በጋ ይመስለዋል። በአገራችን ይህን ነገር ልብ ሳንለው ያደግነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ግን ልዩነቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ምሥጢር የተገለጠው እዚሁ ጎረቤታችን መሆኑ ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች፣ ዛሬ የፔንታጎን ሕንጻና የአርሊንግተን መካነ መቃብር በሚገኙበት አካባቢ በነበረ የመንግሥት እርሻ ላይ፣ በጋውን ሙሉ አላብብ ያላቸውን አንድ የትምባሆ ዝርያ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቢያዩት አበበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1920 አሳተሙ። ዛሬ የዓለም አበባ አምራቾች ክሪሳንተመምን በፈለጉት ወር የሚያስፈኩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለማዘግየት መብራት ያበሩለታል፣ ለማፍጠን ጥቁር ጨርቅ ያለብሱታል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

በዚህ ወር ወደ ችግኝ መሸጫ ሂዱና ብርድ የሚችለውን የጓሮ ማም ጠይቁ። ከቢጫውም ቀድሞ የሚያብበውን ዝርያ ምረጡ፤ ዘግይቶ የሚያብበው ጥቅምት ላይ ነው የሚደርስላችሁ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልገዋል። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ በረንዳ ያላችሁ አትድከሙ። ጓሮ ያላችሁ አንዱን ከሌላው አንድ ክንድ ያህል አራርቃችሁ ትከሉ። ማሰሮ ከሆነ ሰፋ ያለ፣ ከሥሩም ውኃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ውኃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አፍስሱ፤ ቅጠሉ ሲርስ ካደረ በሽታ ይይዘዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው መቀንጠስ ነው። በርበሬው ሳይሆን አበባው ማለቴ ነው። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆን የየቅርንጫፉን ጫፍ በጣታችሁ ቀንጥሱ። ከተቀነጠሰው በታች ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል። እነዚያም ሲያድጉ እንደገና ቀንጥሱ። ይህን ያላደረገ ሰው ረጅምና ቀጭን፣ ነፋስ የሚጥለው ተክል ይዞ ይቀራል። ማቆሚያው ቀን አሜሪካኖች ርችት የሚተኩሱበት ጁላይ 4፣ በእኛ ሰኔ 27 ነው። ከዚያ በኋላ የቀነጠሰ የራሱን እንቡጥ ይቀነጥሳል። ለዚህ ሥራ ከልጆች የተሻለ የለም፤ ለየራሳቸው አንዳንድ ማሰሮ ስጧቸው።

ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የሌሊቱን መብራት ጠብቁ። የበረንዳችሁን መብራት ማጥፋት ትችላላችሁ። የመንገዱንና የመኪና ማቆሚያውን ግን የምታጠፉት እናንተ ስላልሆናችሁ፣ ማሰሮውን ወደ ጥላ ጥግ ማስገባት ወይም ማታ ማታ ትልቅ ካርቶን መድፋት ነው። ለእንቁጣጣሽ በቁርጥ እንዲደርስ የምትፈልጉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካርቶኑን ድፉበት፤ እንቡጡ ቢጫ መልክ እስኪያሳይ ድረስ አንድም ቀን እንዳይዘለል። ጥቁር ላስቲክ ግን አትጠቀሙ፤ በሐምሌ ሙቀት ይቀቅለዋል።

አበባው ሲያልቅ ግንዱን አትቁረጡት። እንደ ደረቀ ተዉት፤ ሥሩን ከብርድ ይጠብቃል። የደረቀ ቅጠል ከላይ አልብሱት። የማሰሮ አፈር ከመሬት ይልቅ ቶሎ ስለሚበርድ ማሰሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጉና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ ያን ጊዜ ደረቁን ቁረጡ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ነቅላችሁ፣ ከዳር ያለውን ወጣት ቀንበጥ ከፋፍላችሁ ትከሉ፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሁን።

ጥቅሙስ ምንድን ነው? ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በረከቦቱ ዙሪያ ከቄጤማው ጋር ይጎዘጎዛል፤ ለአበባየሆሽ ለሚወጡት ሴቶች ልጆች እቅፍ እቅፍ ይታሰራል፤ ለደመራም ይሆናል። ለስጦታ ግን ቢጫውን አድርጉት። ኮሪያውያን ጎረቤቶቻችን ነጩን ለቀብር ነው የሚያውቁት። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖችም በኖቬምበር መግቢያ ወደ ዘመድ መቃብር የሚወስዱት ይህንኑ አበባ ነው።

«ቻይናዎች ሻይ አድርገው ይጠጡት የለም ወይ?» ላላችሁ፣ እውነት ነው። ግን ለሻይ ተብሎ የደረቀውን ከእስያ ምግብ መደብር ግዙ። ለጌጥ የተሸጠ ማም ፀረ ተባይ የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል አፍ አይገባም። በመከር ወራት በአበባ ብናኝ አፍንጫና ዓይኑ የሚያስቸግረው ሰው ሻዩንም ቢሆን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጠጣ። ድመትና ውሻ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ቅጠሉ ለእነሱ መርዝ ነው።

አሁን አንድ የቤት ምሥጢር ልንገራችሁና ልጨርስ። ያ የጥጉ ማሰሮ ሲፈካ፣ የሰባት ዓመት ልጄ እየሮጠች ሄዳ «አያቴ፣ አደይ አበባ ይኼ ነው አይደል?» አለቻት። እናቴ አበባውን አገላብጣ አየችና፣

«አይደለም የኔ ዓለም። የአደይ ቅጠሉ የሚቆጠር ነው፤ ይኼ አይቆጠርም። ደግሞ አደይን ማንም አይተክለው፣ ማንም አያጠጣው። ክረምቱ ሲወጣ በራሱ ይመጣል። ይኼ ግን ሰው ይፈልጋል» አለቻት።

እውነቷን ነው። ልጆቻችን ማሙን አደይ ብለው እንዳያድጉ ልንነግራቸው ይገባል። ዝምድና ግን አላቸው፤ ክሪሳንተመምም፣ አደይም፣ ሱፍም፣ ኑግም ከአንድ ትልቅ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። የአደይ የቅርብ ዘመድ ደግሞ እዚሁ አለላችሁ። አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ነው፤ የዚያው ወገን የሆነና እዚህ «ቲክሲድ» የሚሉት ቢጫ አበባ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እርጥብ መስኮችና የመንገድ ቦዮች ላይ በመስከረም ማንም ሳይተክለው ይፈካል። ፍሬው ሁለት ጥርስ ስላለው እንደ አገራችን ጨጎጊት ልብስ ላይ ይጣበቃል። ከሕዝብ መናፈሻ መቁረጥ ክልክል ነው። ጓሮ ያላችሁ ግን ያገር በቀል ዘር ከሚሸጡ ገዝታችሁ በመከር ብትበትኑት ከዚያ በኋላ በራሱ እየዘራ ይመላለሳል። የአደይ ዘር ከአገር ቤት በመሀረብ ቋጥሮ ማምጣት ግን ጣጣ አለው። የሚዘራ ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም፤ ኬላ ላይ ሳያስመዘግቡ መገኘት መቀጫ ያስከትላል።

አበባውን በዓይን ማየት ለሚፈልጉ፣ ለላንድማርክ ሰው በሊትል ሪቨር ተርንፓይክ በኩል ግሪን ስፕሪንግ ጋርደንስ፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ደግሞ ዊተን የሚገኘው ብሩክሳይድ ጋርደንስ ቅርብ ናቸው። መግቢያ አይከፈልባቸውም።

እናቴ ወደ ደሴ ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን ስደውል ግን «እንኳን አደረሰህ» ከማለቷ በፊት «ተኝቶ ነበር?» ትለኛለች። አበባውን ማለቷ ነው። ካርቶኑን በየማታው የምትደፋው ልጄ ስለሆነች ስልኩን ለእሷ እሰጣታለሁ። «አዎ አያቴ፣ ፈክቷል፤ ግን አደይ አይደለም» ትላታለች።

በሉ እንግዲህ፣ ግንቦት ሳያልፍ ትከሉ። በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።