ዝም ብለህ አትሰጥም?

ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሚካሄደው የለንደን ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ከዚህ በፊት 42 ኪሎ ሜትር ሮጬ አላውቅም። የመሥሪያ ቤቴ እንግሊዛውያን ግን ይህን አያምኑኝም፤ ከአበበ ቢቂላ እስከ ታምራት ቶላ የተገኘው ወርቅ ሁሉ በእኔም እግር ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። አምና እዚሁ ትዕግስት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብታ፣ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። እኔ በአምስት ሰዓት ከገባሁ እልል ይባልልኝ።

በዕጣ መግባት ዘበት ነው፤ ለዘንድሮው ያመለከተው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንገባው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል ነው። ድርጅቱ ቦታውን ከአዘጋጆቹ ይገዛል፤ ሯጩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሺህ ፓውንድ ገደማ ሊሰበስብ ቃል ይገባል። እኔ የምሰበስበው ለፊስቱላ ሕክምና ነው።

ለዕድራችን ሰብሳቢ ይህን ሳስረዳ፣ «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ አትሰጥም? እግርህ ምን አደረገህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለዕድር ለማዋጣት ማን ሮጦ ያውቃል? የእኔ ጉልበት ማበጥም አንዲት ታካሚ አያድንም። ሯጮች ሕመማችንን እንደ መዋጮ ስንቆጥረው እኔንም ያሳፍረኛል።

ልምምዱ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ወድቋል። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መንጠፍ ይጀምራል ይባላል፤ በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግነቱ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል መከልከል የለም፤ እሑድ ቅዳሴ ስላለ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አድርጌዋለሁ። ስንቄ በሶ ነው፤ ፈረንጆቹ ከሚመጥጡት ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር በሶ ይሻለኛል። ትልቁ ሩጫ፣ 32 ኪሎ ሜትሩ፣ የሆሣዕና ዋዜማ ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ አሠልጣኞች እግር ይረፍ ይላሉ፤ የእኛ ሰው ግን የሚገባው ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰግድ ጭን እንዴት እንደሚያርፍ የሚነግረኝ የሥልጠና መጽሐፍ አላገኘሁም።

ያም ሆኖ ሩጫው ለአንድ ነገር ጠቅሞኛል። ዝም ብዬ ብሰጥ ኖሮ ከማንም ጋር ስለ ፊስቱላ አላወራም ነበር። አሁን ግን ገንዘብ የምጠይቀው ሰው ሁሉ «ለምን?» ይለኛል፤ መመለስ አለብኝ። ምጥ ለቀናት ሲራዘም፣ ሐኪም ሲርቅ፣ የእናትየው አካል እንደሚጎዳና ሽንቷን መቆጣጠር እንደሚያቅታት፣ በቀዶ ሕክምና ግን አብዛኞቹ እንደሚድኑ በዕድር ስብሰባ፣ በወንዶቹ ጠረጴዛ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ተናግሬያለሁ። መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንዱ፣ ሐኪም ቤቱ ከገጠር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠየቀ፤ ሌላው ሴትየዋ ባሏ ጥሏት ቢሄድ ማን ያስታምማታል አለ። ከዚያ በፊት በዕድር ስብሰባ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ሰብሳቢያችንም ሃያ ፓውንድ አወጡ። ከመስጠታቸው በፊት ግን «መሀል ላይ ብታቋርጥስ?» አሉ። ብዙ ተከራክረን፣ በሮጥኩት ኪሎ ሜትር ልክ ሊከፍሉ ተስማማን።