ሳይረፍድ እንጠያየቅ



ከዋግ ኽምራ፣ ከአምደወርቅ አንድ አባት የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። ልጃቸው ትምህርቱን ካቋረጠ ወዲህ ከሰው ተለይቶ ይውላል፤ እንቅልፍም አጥቷል። አንድ ቀን ‹‹እኔ ባልኖር ለእናንተም ይቀላችኋል›› አላቸው። ‹‹ለሼሁ ብነግራቸው ኢማኑ ደክሟል ይሉብኛል፤ ለጎረቤት ብነግር ቤቴ ይታማል፤ ታዲያ ለማን ልናገር?›› ሲሉ ይጠይቁናል። ስማቸውን እንዳናነሳ አደራ ብለውናል።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727 ሺህ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ይኸው ነው። የዋግ ሕዝብ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሰቆጣ ድረስ የዘለቀ ጦርነት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ አይቷል። በዚህ ሁሉ ያለፈ ቤተሰብ ውስጥ ልብ ቢደክም ሊያስገርመን አይገባም።

ነፍስን ማጥፋት በዲናችን ሐራም መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን የሚከለክለው የሱረቱ-ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ ግን የሚዘጋው አላህ ለኛ አዛኝ መሆኑን በማስታወስ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሽተኛ እንዲታከም አዘዋል። ከጡፈይል ኢብኑ ዐምር ጋር ወደ መዲና ተሰዶ፣ በሕመም ተጨንቆ በራሱ ላይ ጉዳት አድርሶ ለሞተው ሰው ምሕረት እንደለመኑለት በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አብዛኞቹ ዑለማእም በዚህ ሁኔታ በሞተ ሙስሊም ላይ የጀናዛ ሶላት ይሰገዳል ይላሉ። ስለዚህ ድርጊቱን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ የታመመውን መዝለፍና ሐዘንተኛውን ቤተሰብ መሸሽ ሌላ ነገር ነው።

ወደ መንግሥት ሥራ እንምጣ። አገራችን የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣች። ሁለተኛው ከ2020 እስከ 2025 ያለውን ዘመን የያዘ ነበር። ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተከመረውን ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያዎች ማውረድ ትልቁ ዓላማ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ ግምገማው በተሰበሰበው ስብሰባና በታተመው ወረቀት ብዛት እንዳይሆን እንመክራለን። ይልቅስ ሦስት ነገሮች ይጠየቁ።

አንደኛ፣ በወረዳው ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ይህን ሕመም ለይቶ ማከም ሠልጥኗል? መድኃኒቱስ ሳይቋረጥ ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ሞቱና ሙከራው በትክክል ይመዘገባል? በሐፍረት የተሸፈነ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም መቀነሱ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ መርዛማ የእርሻ ኬሚካሎች ቁጥጥር አላቸው? ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን በየጊዜው በማገዷ፣ ከ1995 ወዲህ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ ዓይነቱ ሞት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሶላታል።

አባታችን ሆይ! ሕጉን አይፍሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የሚገፋፋውንና የሚረዳውን እንጂ ተጨንቆ የሞከረውን አይደለም። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ‹‹ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?›› ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። ሲናገር አይቆጡ፤ ያዳምጡት። ብቻውን አይተዉት፤ የሚጎዳ ነገር ሁሉ ከቤት ይራቅ ወይም ይቆለፍበት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ይላኩት። ዱዓውም ሕክምናውም አብረው ይሂዱ።

ኢማሞቻችን ደግሞ በጁሙዓ ኹጥባቸው ስለ አላህ እዝነት ያስተምሩ፤ ምስጢር ይዞ የመጣን ወጣት ሳይዘልፉ ይቀበሉ። ወጣቶች ሆይ! ጓደኛችሁ መሞት እንደሚፈልግ ነግሯችሁ ‹‹ለማንም እንዳትነግር›› ቢላችሁ፣ ይህ የሚጠበቅ አማና አይደለም፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ።

አላህ የተጨነቀውን ሁሉ ያረጋጋልን፤ አሚን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።