ገናን በዓመት አንድ ቀን እየነካን «የኛ ነው» አንበል

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያለው ያንብብ። የሚከፋው ካለም አስተያየት መስጫው ክፍት ነው፣ እዚያው እንገናኝ።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ፌስቡካችን በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። ነጭ ጋቢ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የተነሣ አቧራ። ከሥሩ ያው የተለመደው ጽሑፍ አለ፦ «ፈረንጅ ሆኪ የሚለው ጨዋታ ከኛ የተወሰደ ነው!» ላይኩ ይጎርፋል። በማግስቱ ዱላው ቆጥ ላይ ይወጣል፣ እስከ ሌላው ዓመት የሚያወርደው የለም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የገናን ጨዋታ ያዳከመው እግር ኳስ አይደለም፣ ስልክም አይደለም። ያዳከመው ልምምድ የሌለው ጨዋታ መሆኑ ነው። ትርኢት አድርገነዋል። ትርኢት ደግሞ ፎቶ ይወጣዋል እንጂ ተጫዋች አይወጣውም።

መጀመሪያ ይቺን የሆኪ ወሬ እንጨርሳት። በቆልማማ ዱላ ኳስ መምታት በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ነገር ነው። ግብፅ ውስጥ ቤኒ ሐሰን በሚባል ቦታ፣ 4000 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላ ይዘው ክብ ነገር መሀል አድርገው ተሥለዋል። የዛሬው ሆኪ ሕጉ የተጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ክለቦች ነው። ከኛ ተሰርቆ ሄደ የሚያሰኝ ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ቢኖርስ ምን ይጠቅመናል? ጥያቄው ማን ጀመረው ሳይሆን ዛሬ ሞጣ ላይ ስንት ልጅ ጥንጓን ከዱላው ሳትለይ ሃያ ሜትር መንዳት ይችላል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ክሪኬት ልውሰዳችሁ። «ጋሼ ደግሞ ክሪኬት ከየት አመጡ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ። ብዙዎቻችሁ ክሪኬትን የምታውቁት «ላጋን» በሚለው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የሕንድ ፊልም ነው። እዚያ ፊልም ላይ ካችራ የሚባል እጁ የተጎዳ ምስኪን ሰው አለ። ኳስ ሲያቀብል ኳሷ ራሷ እየተሽከረከረች ትታጠፋለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ፊልም ነው፣ ይሁን። በእውኑ ዓለም ግን እንዲያ አይደለም። ባግዋት ቻንድራሴካር የሚባል ሕንዳዊ በልጅነቱ ፖሊዮ ቀኝ እጁን አዳክሞበት ነበር። በዚያው እጁ እየወረወረ በቴስት ክሪኬት 242 መቺዎችን አስወጥቷል። ይህ ደግሞ እጅ ስለተጎዳ ብቻ የሚመጣ አይደለም፣ የዓመታት ሥራ ነው።

ይህ አወራወር ሌግ ስፒን ይባላል። ከባድነቱን ለማወቅ ከጓዳ አንድ ሎሚ አምጡ። አመልካችና የመሀል ጣታችሁን ከላይ ዘርጉ። የቀለበት ጣታችሁን አጥፋችሁ ከጎን አስደግፉት። አውራ ጣት ዝም ብሎ ይረፍ። አሁን የእጅ አንጓችሁን ወደ ውስጥ ቆልምሙና ስትለቁት ከቀኝ ወደ ግራ አዙሩት፤ የመጨረሻውን ግፊት የምትሰጠው የቀለበት ጣት ናት። ሞከራችሁ? አብዛኞቻችሁ ሎሚውን አልጋ ሥር ነው የምታገኙት።

ታዲያ ይህን በሩጫ መሀል፣ 20 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ዱላ ይዞ በሚጠብቃችሁ ሰው ፊት ማድረግ ነው። ኳሷ መሬት ነክታ ስትነሣ ከወርዋሪው ሲታይ ከቀኝ ወደ ግራ ትታጠፋለች፣ መቺው የጠበቃት ቦታ አትገኝም። ጀማሪ ግን ከዚያ አይጀምርም። ኳሷን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያሽከረከረ ማቀበል ይጀምራል። ከዚያ ቆሞ፣ በግማሽ ርቀት። ከዚያ ሁለትና ሦስት እርምጃ ጨምሮ። ደህና አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚለው «በደንብ አሽከርክር፣ ኢላማው ኋላ ይመጣል» ነው። ልጁ ለወራት ኳሷን የትም ይበትናታል። ማንም አይስቅበትም፤ የሥራው ጠባይ እንደዚያ መሆኑን ያውቃሉ።

የዚህ ሙያ ታላቁ ሰው የሚባለው አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ሲድኒ ላይ የመጀመሪያ የቴስት ጨዋታውን ከሕንድ ጋር ሲያደርግ 150 ሩጫ ተቆጠረበት፣ ያስወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኛ ብንሆን «ይሄ ልጅ አይሆንም» ብለን እንሸኘው ነበር። በሰኔ 1993 ማንቸስተር ላይ የወረወራት አንዲት ኳስ እንግሊዛዊውን ማይክ ጋቲንግን አልፋ እንጨቱን መታች፤ እስከ ዛሬ የክፍለ ዘመኑ ኳስ ትባላለች። ሰውየው ጫማውን ሲሰቅል 708 ሰው አስወጥቶ ነበር። በሁለቱ ቀኖች መሀል የነበረው ልምምድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ልምምድ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝ ካለ ከቢቸና ብዙም ወደማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ይሂድ። የቅኔ ተማሪ መወድስ ልዘርፍ ብሎ አይጀምርም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ሲቆጥር ይውላል፣ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ በማግስቱ እንደገና። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ስንት የተበላሸ ቅኔ እንዳለፈ እሱና መምህሩ ያውቃሉ። እኛ የዚህ አገር ልጆች ነን! ቅኔን በዓመት አንድ ቀን ቆጥረን «ቅኔ የኛ ነው» ብንል ዲማ ላይ ማን ይሰማናል?

ሌላም አለ። በቆጂ ላይ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በእጃቸው አለፉ። ሩጫ በደማችን አለ ብለው አልተቀመጡም፣ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ሜዳ አወጧቸው። አየሩና ከፍታው ሞጣም ቢቸናም አለ። የጎደለው ጠዋት ሜዳ የሚያወጣ ሰው ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለገና ልምምድ ሜዳውን ስጡኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «መምህር፣ ባህል ለባህል ቀን ነው» የሚል ነበር። ያኔ የነበራችሁ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። የባህል ቀን ደረሰ፣ ከልጆቹ አብዛኞቹ ዱላ ከያዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጥንጓ አንዱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አገኘችው፣ ልጁ እያነከሰ ወጣ። ከዚያ በኋላ «አያችሁ፣ ገና አደገኛ ነው» ተባለ። አደገኛው ገና ነው ወይስ ሳይለማመዱ መግባት?

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ።

«ሥልጠና ባህሉን ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። የገና ለዛው መሰዳደቡ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት መባባሉ፣ በዚያን ዕለት ጌታም እንዳይቆጣ መባሉ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አባቶቻችን አንድ ቀን ብቻ የሚጫወቱት እየመሰለን ነው። እረኛ እኮ ዱላ ከእጁ አይለይም! ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ሳያውቀው ሲለማመድ ነው የሚከርመው። ዛሬ የከተማው ልጅ ያን የለውም። ስለዚህ ድሮ በኑሮ የመጣውን አሁን በፕሮግራም ማምጣት አለብን። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን አለን፣ ገና ሕግ ተጽፎለት ውድድር ይደረግበታል። ውድድር ግን ከታች የሚመጣ ልጅ ይፈልጋል።

«ሴት ልጅ ገና አትጫወትም» የሚሉም አሉ። ለነሱ ጥሩነሽንና ደራርቱን ጠቅሼ አልፋለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ስለ ጨዋታ ያወራሉ?» ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ለናንተ አልነግርም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፣ ልጆች ቤት ውለዋል። እኔም ይህን ስጽፍ ልቤ ሙሉ አይደለም። ግን አፍጋኒስታንን እዩ። ክሪኬትን ብዙዎቹ የተማሩት ፓኪስታን ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ነው። ራሺድ ኻን እ.ኤ.አ. በ1998 ናንጋርሃር ተወለደ፣ ቤተሰቡ ተሰደደ፣ ከወንድሞቹ ጋር ኳስ እየወረወረ አደገ። የሚወረውረው ያንኑ ሌግ ስፒን ነው። በ2019፣ ገና 20 ዓመቱ ላይ፣ የአገሩ የቴስት ቡድን አምበል ሆነ። ሰላም እስኪመጣ አልጠበቀም። ጨዋታ ጦርነትን ያስቆማል እያልኩ አይደለም፣ አላስቆመላቸውም። ልጁ ግን ጠዋት ሲነሣ የሚያሻሽለው አንድ ነገር ነበረው። ቤት የዋሉት ልጆቻችን ያጡት አንዱ ይሄ ነው። ልጅ ዱላ የሚጨብጥበት ምክንያት ጨዋታ ይሁንለት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልነግራችሁም። በጀትም ደብዳቤም አትጠብቁ። ጓሮ ወይም የሰፈር ባዶ ቦታ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ ይበቃል።

አንደኛ፦ ለልጆች የእንጨቷን ጥንግ ትታችሁ የጨርቅ ኳስ ስፉላቸው። ዱላውም ለቁመታቸው የሚሆን ይሁን።

ሁለተኛ፦ መጀመሪያ ማቆም ይማሩ። አንዱ ይልካል፣ ሌላው በቆልማማው ጫፍ ይቀበላል። ሳትነጥር እስክትቆም ድረስ ሌላ ነገር የለም።

ሦስተኛ፦ ድንጋይ በመስመር ደርድሩና በመሀላቸው ይንዱ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ።

አራተኛ፦ ኢላማ። አንድ ቆርቆሮ አቁሙ። ከአምስት እርምጃ፣ ከአሥር፣ ከሃያ። ከአሥር ምት ስንቱ እንዳገኘ ደብተር ላይ ይጻፉ። ልጅ የራሱን ቁጥር ሲያይ ማንም ሳይገፋው ይሠራል።

አምስተኛ፦ ሦስት ለሦስት ግጥሚያ። ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሣ ይወጣል። ይቺ ሕግ የኔ ናት፣ ለልምምድ ብቻ፤ ቁርጭምጭሚት ታተርፋለች።

የእንጨቷ ጥንግ ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምጣ።

መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህ በተለይ ለናንተ ነው። አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ ለበዓል ቲሸርት ከመላክ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን አንድ የስፖርት መምህር ደውላችሁ «ልጆቹ በሳምንት ስንት ቀን ይለማመዳሉ?» በሉት። የጀመራችሁ ካላችሁ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ከሥር ለጥፉልኝ። የጋቢውን ፎቶ ለታኅሣሥ 29 አቆዩት።