ሱረቱል ሐዲድ የቁጥር መጫወቻ አይደለችም



እዚህ ሰቆጣ ልጆች በማስቀራበት ቤት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ኡስታዝ፣ ያ የነገሩን ነገር ከኬሚስትሪ መጽሐፋችን ጋር አልገጠመም» አለኝ። የነገርኳቸው በየስልኩ የሚዞረውን ነበር፦ አል-ሐዲድ 57ኛ ሱራ ናት፣ የቁርኣን መካከል ናት፣ ብረትም የምድር መካከል ነው፣ የብረት የክብደት ቁጥሩም 57 ነው የሚለውን። ልጁ እውነቱን ነበር። እኔ ግን ስሕተቴን ያመንኩት በማግሥቱ ነው፤ ኩራት ያዘኝ።

እስቲ እንመርምረው። በተፈጥሮ ካለው ብረት ከመቶ 92 ያህሉ 56 የሚባለው ዓይነት ነው፤ 57 የሚባለው ከመቶ 2 ያህል ብቻ ነው። 114 ሱራ ለሁለት እኩል ሲከፈል መካከል ላይ የሚቀር አንድ ሱራ የለም። በአብጀድ ሒሳብ «ሐዲድ» 26 ይሆናል፤ የብረት አቶሚክ ቁጥር 26 ነውና ደስ ይላቸዋል። 57 ሲያስፈልግ ደግሞ «አል» ይታከልበታል። እንዳሻው እየጨመረና እየቀነሰ የሚመዝን ነጋዴ በገበያችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ! በዚያችው ሱራ አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ያወሳው ሚዛንን ባወሳበት አንቀጽ ነው።

«ኢማናቸው ከጠነከረ ምን ቸገረህ?» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ኢማኑን 57 ላይ የሠራ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 57 ሲፈርስበት ምን ይዞ ይቀራል? ውሸቱን የሰማው ከእኛ አፍ ነውና እውነቱንም አይቀበለንም።

ስለ ምድር እምብርት ማስተማር ከፈለግን እኮ ማስተማሪያው ሞልቷል። ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የቀለጠ ብረት ባሕር ይጀምራል። 5,150 ኪሎ ሜትር ግድም ሲደረስ ደግሞ ብረቱ ጠጣር ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 ያመለከተችው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶችን ያጠናች ኢንጌ ሌማን የምትባል የዴንማርክ ሴት ናት። ከላይ ካለው ይበልጥ እየጋለ እንዴት ጠጣር ሆነ? በቀጥቃጭ ዘንድ ብረት በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እዚያ ግን ግፊቱ መሐሉ ላይ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 3.6 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። ግፊት ሲበረታ ብረት ለመቅለጥ የሚፈልገው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል።

ብረት ከ770 ዲግሪ በላይ ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ከታች ያለው እንደ ትልቅ ማግኔት የተቀመጠ ብረት አይደለም። የቀለጠው ብረት እየፈሰሰ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የኮምፓስን መርፌ የሚያዞረው የምድር ማግኔት ከዚያ ይወጣል። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ማግኔት መመዝገብ የጀመረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957–58 ነው።

ከሰቆጣ መካ ወደ ሰሜን ናት፤ ከቀጥታው ሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች። የኮምፓሱም መርፌ በእኛ አገር ከሰሜን በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ እኛ ዋጎች ቂብላ ለመፈለግ ኮምፓስ ስንይዝ መርፌው ቂብላውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ የሚያዞረውም ያ የቀለጠ ብረት ነው። አል-ቢሩኒ የጋዝናን ቂብላ ለማወቅ የቦታዎችን ርቀት በስሌት የደከመበት መጽሐፍ ጽፏል፤ የሱራ ቁጥር አልደመረም።

ያን ልጅ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን ኮምፓሱን ይዞ ለታናናሾቹ የሚያስረዳው እሱ ነው። እናንተም ወላጆች፣ ያ የ57 ወሬ ስልካችሁ ላይ ካለ አታስተላልፉት።